ድምጿን ማን ሰማ?

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ትልቋ ልጃችን ከምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት «የወላጆች ቀን ነውና ኑ» ተብለን ተጠራን። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ አድጋ ይህን ጽሑፍ ብታነብ ልትቀየመኝ ትችላለች። ቤት ውስጥ «ሚጡ» እንላታለን፤ እናንተም እንደዚያው ያዙልኝ። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች።

መምህርቷ ካርዱን እየሰጠችን «በጣም ጨዋ ልጅ ናት» አለችን። «አትረብሽ፣ አትጮኽ። መኖሯም አይታወቀኝም።» የመጨረሻዋን ለምስጋና ብላ ነው የጨመረቻት። እኛም ፈገግ ብለን «ጌታ ይባርክሽ» ብለናት ወጣን። እኛ አገር ልጅህ ጨዋ ነው ከተባልክ በኋላ ምን ቀርቶህ ትጠይቃለህ?

ታክሲ ስንጠብቅ ግን ባለቤቴ ዝም ብላ ነበር። ቆይታ ወደ ሚጡ ጎንበስ አለችና «ቲቸር ስታስነብባችሁ አንቺን የቱን ገጽ ነው ያስነበበችሽ?» አለቻት።

ቃሉ ሚጡ ከንፈር ላይ ተይዞ ትንሽ ቆየ። «እ… እ… እኔን አትጠራኝም።»

«ዛሬ ነው?»

«አ… አንድም ቀን።»

ሚጡ ትንተባተባለች። የጀመራት ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት ነው። በመጀመሪያ ያልፋል ብለን ተውነው፤ ቀጥሎ ተጨነቅን፤ ከዚያ ደግሞ ለመድነው። መምህርቷ ላይ አሁንም ቂም የለኝም። አርባ ስምንት ልጆች በአንድ ክፍል ይዛለች። ሚጡን ያልጠራቻትም ሌሎቹ እንዳይስቁባት አዝናላት ይመስለኛል። ነገር ግን አንድ ልጅ ሙሉ ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ድምጿ ሳይሰማ አልፏል፤ ካርዷ ላይም የተጻፈው «ፀባይዋ እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ነበር።

የአንደኛ ክፍል ትምህርት ቤት ፍለጋችን መልኩን የቀየረው በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ በፊት ምን ስፈልግ እንደነበር ብናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ልናገር። በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን መምህር ነኝ። እሁድ ጠዋት ልጆችን፣ ሐሙስ ማታ ወጣቶችን አስተምራለሁ። «እግዚአብሔር ለሰው ፊት አያዳላም» በሚል ርእስ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ሆኖም ከአምልኮ በኋላ ግቢ ውስጥ ሻይ ይዘን ቆመን «ልጅህ የት ነው የምትማረው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ ስሙ ሲጠራ ሰው ቅንድቡን ከፍ የሚያደርግለት ትምህርት ቤት እንዲኖረኝ እመኝ ነበር። ትልቅ ግቢ፣ ቢጫ ሰርቪስ፣ እንግሊዝኛ የሚያንበለብሉ ልጆች። ለልጄ ነው እያልኩ የምመኘው ለራሴ ነበር።

ፍርሃትም ነበረበት። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ከእናንተ መካከል በዚያ ፈተና ያለፋችሁ ወይም የተጎዳችሁ ትኖራላችሁ። ያ ቁጥር በየቤቱ ያለውን ወላጅ አስደንግጧል። የደነገጠ ወላጅ ደግሞ በክፍያው ልክ መዳንን የሚገዛ ይመስለዋል።

መጀመሪያ የሄድነው እዚያው ስመኘው ወደ ነበረው ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ወርሃዊ ክፍያው 6500 ብር፣ መመዝገቢያው ለብቻ። የእኔና የባለቤቴ ደመወዝ ተደምሮ የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ይህን ያህል ነው፤ ይህን እያወቅኩ ነው የሄድኩት። በሩ ላይ «በዚህ ግቢ ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገራል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሚጡን ለመግቢያ ፈተና ወደ ውስጥ ወሰዷት። እኛ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ወጣች። ፈታኟ በትሕትና «ታውቃለች፤ ግን አትመልስም» አለችን። «ለእኛ ደረጃ ይከብዳታል። አንድ ዓመት ኬጂ ብትደግም ይሻላታል።»

ሚጡ ኬጂን የምትደግመው ፊደል ስላላወቀች አይደለም። ፊደሉን ታውቀዋለች። የጎደላት እስክትጨርስ የሚጠብቃት ሰው ነው።

በሳምንቱ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ጉዳዩን ሰምቶ «እዚያ የማውቀው ኃላፊ አለ፤ እኔ ልናገርልህ፤ ፈተናውን ይተውልሃል» አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ዘለለ። ክፍያውን ከየት እንደማመጣው ሳላስብ «እስቲ ንገርልኝ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። «እሺ በሰው ገባች እንበል። ገብታ ማን ያናግራታል?» አለች። በማግስቱ ለዚያ ሰው ስልክ ደውዬ አመሰገንኩትና እንዲተወው ነገርኩት።

ስለ ሰሌዳው አንድ ነገር ልጨምር። የባለቤቴ ወገኖች ከወለጋ ናቸው። አማቴ ሲያጫውቱን ሁልጊዜ የሚያነሡት የአስቴር ጋኖን ታሪክ ነው። አስቴር ከባርነት ነፃ ወጥታ ተምራ፣ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም አብራው ደከመች። መጽሐፉም በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚያ አስቀድማ ግን፣ በ1894 እ.ኤ.አ. የታተመ የኦሮምኛ ፊደል መማሪያና ማንበቢያ አዘጋጅታ ነበር፤ በውስጡም ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች አሉ። ኋላም ወለጋ ተመልሰው ልጆችን አስተማሩ። ይህች ሴት ልጅ በእናቱ ቤት የሰማውን ተረት መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው ገብቷታል። እኛ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን፣ ልጅ የቤቱን ቋንቋ በር ላይ አራግፎ እንዲገባ እየከፈልን ነው። እንግሊዝኛ ይጠቅማል፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን በእናቷ ቋንቋ ቃል እየተያዘባት የምትታገል ልጅ በሌላ ቋንቋ ብቻ ካልተናገርሽ ከተባለች፣ ትርጉሙ «ዝም በይ» ነው።

ሁለተኛው የሄድንበት ከቤታችን የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እኔ ከዝርዝሬ ውስጥ እንኳን አላስገባሁትም ነበር፤ ባለቤቴ ናት «ሳናይ አንተውም» ያለችው። ልክ ነበረች። ግቢው ሰፊ ነው፤ ልጆች እስኪደክማቸው ይሮጡበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የተማሪዎች ምገባ አለ፤ የደንብ ልብስና ደብተርም ይሰጣል። ጠዋት የደረስነው ቁርስ ሰዓት ላይ ነበር፤ መጋቢ እናቶች ነጭ ሽርጥ አድርገው ሲያቀርቡ፣ ልጆቹ ተሰልፈው እጃቸውን ሲታጠቡ አየን። የአንደኛ ክፍሏ መምህርት ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማረች ሴት ናት። እንደ እርሷ ፊደል የሚያስተምር ሰው ከዚያ በኋላም አላየሁም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «በ» ስትጽፍ ፊደሉ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ነገር ግን ክፍሏ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። ርእሰ መምህሩ ራሳቸው «መምህርቷ ጎበዝ ናት፤ ግን አንድ ሰው ናት» አሉን።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሒሳብ ነው፤ በልቤ ማካፈል ጀመርኩ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ 2400 ሰከንድ። መምህርቷ ምንም ሳታስተምር ሙሉ ጊዜውን ልጆቹን ብታስነብብበት እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 41 ሰከንድ ነው። ሚጡ ስሟን ለመናገር አንዳንድ ቀን 10 ሰከንድ ይፈጅባታል።

ሦስተኛውን የጠቆመችን አንዲት የመድኃኒት ቤት ደንበኛ ናት፤ ባለቤቴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የተከራዩት ቪላ ነው። ስሙን የምታውቁት አይመስለኝም፤ እኛም ሰፈሩ ውስጥ ሦስት ሰው ጠይቀን ነው ያገኘነው። መኪና ማቆሚያ የነበረው ቦታ መሰለፊያ ሆኗል። ሳሎኑ አንደኛ ክፍል ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ መደርደሪያ ተሠርቶ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል። በሩ ላይ ቆሜ ወንበሮቹን ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት።

ርእሰ መምህርቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኛን በእጃቸው ሰላም ብለው ወዲያው ሚጡ ፊት ቁጢጥ አሉ። «ማን ልበልሽ?» አሏት።

ሚጡ ጀመረች። የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ተያዘ። አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ሲወጠር አየሁት። እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩ፤ ሴትዮዋ ወደ እኔ ሳይዞሩ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ። ጠበቁ። የሚጡን ዓይን እያዩ፣ የትም የሚሄዱበት የሌላቸው ሆነው ጠበቁ። እኔ የኮሪደሩን ሰዓት ነበር የማየው። ስሟ እስከ መጨረሻው ወጣ።

«ጎሽ! ደስ የሚል ስም ነው» አሉና ተነሡ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ለእኔ ብቻ፣ «ልጄ፣ እርሷ ትችላለች። አንተ ነህ የማትችለው» አሉኝ።

ሦስት ዓመት ያህል የልጄን ስም የጨረስኩላት እኔ ነኝ። ዳቦ ቤት፣ አያቷ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን። እየረዳኋት መስሎኝ ነበር። ያቺ የኬጂ መምህርት አዝናላት ሳትጠራት እንደቀረች ሁሉ፣ እኔም አዝኜላት አፏን ዘግቼባታለሁ።

ሴትዮዋ የትምህርት ቤታቸውን ጉድለት ሳንጠይቅ ነው የነገሩን። በኢንስፔክሽን ያገኙት ደረጃ 2 ነው፤ መስፈርቱን አሟላ የሚባለው ደረጃ 3 ነው። ሜዳ የላቸውም። እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው ያላቸው። ደመወዛቸው ትንሽ ስለሆነ መምህራን ይለቁባቸዋል። የቤቱ ኪራይ ውል ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ አከራዩ አልፈልግም ካለ ወዴት እንደሚሄዱ ገና አያውቁም። «ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ከመጣችሁ ኑ» አሉን። ክፍያው በወር 2800 ብር ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እንድናይም ፈቀዱልን። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መምህሩ ከአሥራ ስድስቱ ልጆች አሥራ አራቱን በስማቸው ጠራ። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ሊወጣ ሲል አስታውሶ «እናንተ ነገ መጀመሪያ» አላቸው።

እናንተ ወጣቶች ሐሙስ ማታ አዘውትራችሁ ከምትጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ «የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንዴት አውቃለሁ?» የሚል ነው። በዚህ ርእስ አምስት ሳምንት የሚፈጅ ትምህርት አለኝ፤ ማስታወሻው ንጹሕ ነው፣ ነጥቦቹ ተራ በተራ የተቀመጡ ናቸው። እነዚያ ሁለት ሳምንታት ባለቤቴና እኔ ማታ ማታ ተንበርክከን ስንጸልይ ግን ከማስታወሻዬ አንዱም አልደረሰልኝም። ሕልም አላየንም። ማንም ትንቢት አልተናገረንም። እንዲያውም አንድ ወንድም «መንተባተቧ መንፈስ ነው፤ እንገስጸው» ብሎኝ፣ በፍቅር አይሆንም አልኩት። ለልጄ ጸሎት ጠልቼ አይደለም፤ በየቀኑ እንጸልይላታለን። ነገር ግን አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በንግግሯ ምክንያት ውስጧ ክፉ ነገር እንዳለ ብታምን ያንን ከልቧ ማን ያወጣላታል? ሙሴም አንደበቱ ከባድ ነበር። እግዚአብሔር ወንድሙን አሮንን አጠገቡ አቆመለት እንጂ «ውስጥህ ምን ገብቶ ነው?» አላለውም።

የጸለይንበት ሳምንት ለእሁድ ትምህርት የደረሰኝ ምንባብ የሳሙኤል ታሪክ ነበር። ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን በሳሙኤል በኩል ነው ያየሁት። በዚያ ሳምንት በሐና በኩል አነበብኩት። ሐና ለምና ያገኘችውን ልጅ ገና ትንሽ ሳለ ሴሎ ወስዳ ለዔሊ ሰጠችው። ዔሊ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? የዔሊ ልጆች መሥዋዕቱን የሚንቁ ሰዎች ነበሩ። ዔሊ ራሱ አርጅቷል፤ ዓይኑ ፈዟል፤ ልጆቹን መገሠጽ አቅቶታል። ዛሬ ኢንስፔክሽን ቢሄድበት ያ ቤት ደረጃ 2ንም አያገኝም። ሐና ግን በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። በየዓመቱ ልጁ ምን ያህል እንዳደገ በልቧ ለክታ ነው የምትሰፋው። አደራ ሰጥታ አልተወችውም፤ እየተመላለሰች ታየው ነበር።

ሌሊቱ ላይም አንድ ነገር አየሁ። ሳሙኤል ሲጠራ ሲሰማ እየተነሣ ወደ ዔሊ ይሮጣል። ዔሊ ሁለት ጊዜ ተመልሰህ ተኛ አለው፤ በሦስተኛው ግን ገባው። ዔሊ ብዙ ነገር ያጠፋ ሰው ነው፤ በዚያች ሌሊት ግን በመንፈቀ ሌሊት ሦስት ጊዜ የቀሰቀሰውን ልጅ አልተቆጣም፤ ሰማው፤ እንዴት እንደሚመልስም አስተማረው። አንድ ልጅ ነቢይ ሊሆን ያደገበት ቤት ጉድለቱ ብዙ ነበር፤ ልጁን በሌሊት የሚሰማ አንድ ሰው ግን ነበረበት።

ፍጹም ትምህርት ቤት መፈለጌን ያቆምኩት እዚያ ላይ ነው። ጥያቄዬ «የቱ ይበልጣል?» ከመሆን ወጥቶ «የትኛው ቤት ውስጥ ነው ሚጡን የሚሰማት ሰው ያለው? እኛስ እየተመላለስን ማየት የምንችለው የትኛውን ነው?» ሆነ።

ባለቤቴ ግን በቀላሉ አልተረታችም። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ልቧ ውስጥ ገብቷል። አንድ ማታ ሒሳባችንን ወረቀት ላይ ስናወራርድ «የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ነው የምትገባው» አለች። ልጅቷ ከእኛ በታች ባለው ወለል የምትኖር የሚጡ የልብ ጓደኛ ናት፤ እናቷ ብቻዋን ነው የምታሳድጋት፤ ጉሊት ትሸጣለች። «እኛ በ2800 ብር ለልጃችን ትንሽ ክፍል ልንገዛ ነው። ያቺስ ልጅ? እርሷንስ ማን ይሰማታል?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። አምሳ ስምንት ልጆች ያሉበት ክፍል ለአምሳ ስምንቱም ከባድ ነው፤ ከፍሎ መውጣት የሚችል ሲወጣ ክፍሉ የቀሩት ልጆች ይሆናል። የልጄ ችግር ወደ ትንሹ ትምህርት ቤት እንድወስዳት በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በቂ ምክንያት ስላለኝ ብቻ ጥያቄዋ ተመለሰ ማለት አይደለም።

ነሐሴ ላይ ሚጡን እዚያ ትንሽ ቪላ አስመዘገብናት። ጫማ የምንገዛበትን ብር ለመመዝገቢያ ከፈልነው።

ታሪኩን እዚህ ባቆመው ደስ ባለኝ፤ ግን ዋናው የገጠመኝ ከዚህ በኋላ ነው። በመስከረም የመጀመሪያው እሁድ እንደ ልማዴ የልጆች ክፍል ገባሁ። ዘመርን፣ ታሪኩን ነገርኳቸው፣ ጥያቄ ጠየቅኩ። ፊት የተቀመጡት እነዚያው ሰባት ስምንት ልጆች እጃቸውን አወጡ፤ መለሱ፤ አጨበጨብን። ዓይኔን ወደ ኋላ ሳነሣ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ ቢጫ ሹራብ የለበሰ ልጅ አየሁ። ከአንድ ዓመት በላይ በየእሁዱ ይመጣል። ስሙን አላውቀውም።

ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። በክፍሌ ውስጥ 63 ልጆች አሉ። የማስተምረው 45 ደቂቃ ነው። አካፈልኩት፤ ለአንድ ልጅ 43 ሰከንድ። በቀጣዮቹ አራት እሁዶች ማን እንደተናገረ ምልክት አደረግኩ። አሥራ አንድ ልጆች። የቀሩት አምሳ ሁለቱ አንድም ቃል ሳይናገሩ መጥተው ሄደዋል፤ እኔም ለወላጆቻቸው በር ላይ «በጣም ጨዋ ልጅ ነው» እላቸው ነበር።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ለእናንተ የጻፍኩት ለዚህ ነው። አብዛኞቻችሁ ገና ልጅ የላችሁም፤ የትምህርት ቤት ምርጫ የሩቅ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ታናሽ ወንድምና እህት አላችሁ። ብዙዎቻችሁ የልጆች አገልግሎት ውስጥ አላችሁ። ጥቅምት ላይ ከሐሙስ ማታ ወጣቶች መካከል ስምንት ሰው ለመንኩ፤ ስምንት መጡ። አሁን ታሪኩን ለሁሉም አንድ ላይ እነግራለሁ፤ ከዚያ ልጆቹ ስምንት ስምንት እየሆኑ ከአንድ ታላቅ ጋር ይቀመጣሉ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉም ልጅ ሳይናገር ሰዓቱ አያልቅም። መናገር ያልፈለገ «ዛሬ አልፋለሁ» ማለት ይችላል፤ እርሱም መናገር ነው። ቢጫ ሹራብ የለበሰው ልጅ ስሙን ነግሮናል። ቀልደኛ ነው።

የሚንተባተብ ልጅ በክፍላችሁ ካለ ደግሞ ከሚጡ የተማርኩትን ልንገራችሁ። መንተባተብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ ብዙዎቹን ከጊዜ በኋላ ይለቃቸዋል፤ አንዳንዶቹን አይለቃቸውም። የአእምሮ ድካም ምልክት አይደለም። «ቀስ በል»፣ «ተንፍስ»፣ «እንደገና ጀምር» አትበሉት፤ ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ቃሉን አትጨርሱለት። እናንተ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁ። እንዴት እንደተናገረ ሳይሆን ምን እንዳለ መልሱለት።

ሚጡ ዛሬም ትንተባተባለች። ጥር ላይ የምትወደው መምህር የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ለቀቀ፤ ሁለት ሳምንት አለቀሰች። የቪላው ባለቤት ቤቱን ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ አለ። ሜዳ ስለሌላቸው ጉልበቷ ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው፤ ሶፋችን ምስክር ነው። የጎረቤታችን ልጅ ማታ ማታ እኛ ቤት ትመጣለች፤ ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው እየተቀባበሉ ያነባሉ። እውነቱን ለመናገር አማርኛውን አብልጣ የምታነበው የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ የዚያች መምህርት እጅ ይታወቃል። የሚጡ ተራ ሲደርስ ጓደኛዋ አገጯን መዳፏ ላይ አስደግፋ ትጠብቃታለች። ማንም አላስተማራትም።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ አዲሷ መምህርት የጻፈችውን አነበብኩ። «ዛሬ ክፍል ፊት ቆማ አንድ አንቀጽ ብቻዋን አነበበች። አራት ደቂቃ ፈጀ። ጠበቅናት።»

ከሥሩ ወላጅ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ባለቤቴን ጠራኋትና ሁለታችንም ፈረምን።